የእማሆይ ቤት ስንት ያወጣል?

እናንተዬ፣ በደርግ ዘመን «ቤት ወረስኩ» ብሎ በሰው ፊት መናገር ምን እንደሚያመጣ ላላየ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ደስታህን ዋጥ አድርገህ ዝም በል። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለነገሩ ዝም ማለት ችዬም አላውቅ፤ አስተማሪ ነኝ።

አክስቴ እማሆይ አጸደ ንፋስ መውጫ ያለውን ባለ ቆርቆሮ ቤታቸውን ለኔ ተናዘው ማረፋቸውን የሚነግር ደብዳቤ ወገዳ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጣልኝ። ለአክስቴ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ እንባዬን ጠርጌ የመምህራን ክፍል ገባሁና፣ «ቤት ወረስኩ» አልኩ።

የሁሉም ብዕር ከደብተሩ ላይ ተነሣ።

«የማንን ቤት?» አለኝ የስፖርት አስተማሪው።

«የአክስቴን።»

«የገዛ አክስትህን?»

ለካ በዚያ ዘመን ቤት ይወርስ የነበረው መንግሥት ብቻ ነው። ጓደኞቼ እኔ ነኝ ያለ ካድሬ ሆኜ፣ ምስኪን አክስቴን በትርፍ ቤት ጠቁሜ ያስወረስኳቸው መስሏቸው በድንጋጤ ያዩኛል። «ኧረ ሞተው ነው!» ስል ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አባስኩት። አንዱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ራቅ አለኝ። ቤቴ ስገባም ባለቤቴ ስንዱ ወሬውን ሰምታ ኖሮ፣ «ተወረሰብን አሉ! ደግሞ ምን ኖሮን ነው የሚወረሰው?» ብላ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጠበቀችኝ። እውነቷን ነው፤ የምንኖረው በቀበሌ ኪራይ ቤት፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር፤ እኔ፣ እሷ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቷ። ከሁላችንም ሰፊ ቦታ የያዙት እናቷ ነበሩ። እሱን ግን እዚህ አላነሣውም።

ኑዛዜው በፍርድ ቤት እስኪጸድቅ ሁለት ዓመት ወሰደ፤ አንዱ ምስክር ሲገኝ ሌላው ይዘምታል፣ የዘመተው ሲመለስ የነበረው ይታመማል። በመጨረሻ ሲጸድቅልኝ ደግሞ የማልኖርበትን ቤት ይዤ መቀመጥ እንደማልችል ተነገረኝ። ወይ ኑርበት፣ ወይ ሽጠው። ንፋስ መውጫ ሄጄ እንዳልኖር ሥራዬ ወገዳ ነው። ስለዚህ ለልብስ ሰፊው ለአያሌው በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ለመሸጥ ተስማማሁ። በዚያው ብር ወገዳ ላይ የጨው ነጋዴውን የአቶ ይማምን ቤት ልገዛ ነው። አቶ ይማም ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ተነሥተዋል። ቤታቸውን በሁለት ሺህ አምስት መቶ ሊለቁልኝ ቃል ሰጥተውኛል፤ ግን፣ «መምህር፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ላገኘሁት እሸጣለሁ፣ እንዳትቀየመኝ» ብለውኛል። ስንዱ የአቶ ይማምን ግቢ በአጥር ቀዳዳ እያየች ጎመን የምትተክልበትን ቦታ እንኳ መርጣ ጨርሳለች።

ግንቦት ገብቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን የጭነት መኪና ላይ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ንፋስ መውጫ ደረስኩ። ስሙ እንዲዛወር ግብር ክፍል መቅረብ ነበረብኝ። እዚያ የተቀበለኝ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ሹም ነው። ትሕትናው ያስፈራል። ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ሰነዶቼን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ፣

«ጓድ መምህር፣ ቤቱን ሲወርሱት ስንት ያወጣ ነበር?» አለኝ።

«እንዴት ስንት ያወጣል? አልገዛሁትም እኮ፤ ወረስኩት።»

«አልገዙትም፤ ዋጋ ግን ነበረው። ያኔ ከነበረው ዋጋ በላይ የሸጡበት ትርፍ ነው። ግብሩ የሚቆረጠው ከትርፉ ላይ ነው፤ ትርፉ በበዛ ቁጥር ከመቶ የሚቆረጠውም ይጨምራል።»

ደነገጥኩ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ግብሩ ሳይሆን «ትርፍ» የምትለዋ ቃል ናት። ትርፍ ቤት፣ ትርፍ መሬት ሲባል የኖረ ሰው ያቺን ቃል ሲሰማ ዙሪያውን ይመለከታል። እንዲህ ያለ ግብር መኖሩንም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም። የመቀነስ ሒሳብ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከራሴ ላይ ሲቀነስ ግን ገና ማየቴ ነበር።

«ታዲያ የያኔውን ዋጋ በምን ልወቀው?»

«የድሮው የቤት ግምት መዝገብ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤» አለና ከጀርባው ያለውን የእንጨት ቁም ሣጥን በአገጩ አሳየኝ። «ቁልፉን የያዘው ጓድ ግን ስብሰባ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ስብሰባው ሲያልቅ።» የዚያን ጊዜ ስብሰባ የሚያውቅ ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። «ካልሆነ ቤቱን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ቀርበው ቃላቸውን ይስጡ። እነሱ ባሉት እንገምታለን።»

እፎይ አልኩ። የእማሆይ ጎረቤቶች ወዳጆቼ ናቸው። አንዱ መሪጌታ ልሳኑ ናቸው፤ ቅኔ አዋቂ፣ የሠፈሩ ማመልከቻ ሁሉ በእጃቸው የሚጻፍ፣ ሲናገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ የሚሰማቸው። ሌላዋ እትዬ የሻረግ ናቸው፤ ከእማሆይ ጋር በአንድ አጥር ሃያ ዓመት የኖሩ። በቀጥታ መሪጌታ ቤት ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ ስለ እማሆይ ቤት ግብር ክፍል ቀርበው ሁለት ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ ነበር።»

«ለግብር?» ዓይናቸው በራ። «በል ለኔ ተወው! አንተ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ስንቱን ገማች አሳምኜ ሸኝቻለሁ።»

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም። እንዲያውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ የሻረግን ጨምረን ሦስታችንም ሹሙ ፊት ተቀመጥን። ሹሙ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ «አባታችን፣ መምህሩ ሲወርሱት ቤቱ እንዴት ያለ ነበር?» አለ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «ቤት አልከው?» አሉ። «ልጄ፣ ቤትስ አትበለው። ዝናብ ሲመጣ እማሆይ የሚጠለሉት ወደ ውጪ ወጥተው ነበር።»

ክው አልኩ።

«በሩ ከመቃኑ ጋር ከተኳረፈ ዘመን አልፎታል። አይጥ እንኳ በስሕተት የገባች እንደሆነ አዝና ነው የምትወጣው።»

«እና ስንት ያወጣ ነበር?»

«መቶ ብር የሚሰጥ ሞኝ ከተገኘ።»

በአእምሮዬ ሒሳቡን ሠራሁት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሲቀነስ መቶ፤ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ትርፍ! ሳል አነቀኝ። መሪጌታ ዘወር ብለው አዩኝ። ዓይኔን አፍጥጬ አገጬን ወደ ላይ ደጋግሜ አነሣሁላቸው፤ ከፍ ያድርጉት ማለቴ ነው። እሳቸው ግን «ገብቶኛል» በሚል ጥቅሻ መለሱልኝና፣ «መቶም በዛ፤ ስድሳ በለው» አሉ።

«ኧሁ! ኧሁ!» አልኩ።

«አርባ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለመሳልም ፈራሁ፤ ሌላ ሳል ቤቱን በነፃ ያስረክበኝ ነበር። እትዬ የሻረግ ተቀበሉ። «እኔ ምስክር ነኝ ልጄ፤» አሉ፣ ሐዘን በተሞላ ድምፅ። «አንድ ቀን ምሰሶውን ተደግፌ ብቆም እማሆይ ‹ተይው የሻረግ፣ እሱም የሚደገፈው አጥቶ ነው› አሉኝ።»

ሹሙ ሁሉንም ጻፈ። ደመረ፤ ቀነሰ። ወረቀቱን ወደኔ አዞረውና በዚያው ትሕትናው፣ «ግብሩ አንድ ሺህ ብር ያህል ይሆናል ጓድ መምህር» አለኝ።

እንዴት ከቢሮው እንደወጣሁ አላውቅም። የአቶ ይማም ቤት ከነጎመኑ ከዓይኔ ላይ ሲጠፋ ይታየኛል። መሪጌታ ውጪ ሲደርሱ ጀርባዬን ቸብ አድርገው፣ «አየህ? በአርባ ብር ገላገልንህ!» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ ገደሉኝ እኮ!» አልኳቸው። ግቢው ውስጥ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍኩ አስረዳኋቸው። ያኔ ዋጋው ዝቅ ባለ መጠን አሁን ትርፌ ይበዛል፣ ትርፌ ሲበዛ ግብሩ ይበዛል አልኳቸው። መሪጌታ መሬቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና መሬቱን አዩ።

«ቆይ፤ ቤቱን ከፍ ስናደርገው ግብሩ ዝቅ ይላል?»

«አዎ።»

«ዝቅ ስናደርገው ከፍ ይላል?»

«አዎ።»

መሪጌታ አረፍ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ሠላሳ ዓመት ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ወርቅ የተደበቀበት ሰም አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ።

እትዬ የሻረግ ግን ሌላ ነገር አስጨንቋቸዋል። «ውሸት ተናግረን ግብር ጨመርንበት ማለት ነው? ያውም በሟች ቤት!»

«ውሸት አይደለም፤» አሉ መሪጌታ። «ለግብር ሲሆን ዝቅ ማድረግ ትሕትና ነው።»

ሹሙን ለመንነው። ቃላቸውን ማስተካከል እንደሚችሉ ነገረን፤ ለነገ ቀጠረን። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ «እውነቱን ብቻ ይናገሩ፤ ደህና ቤት ነበር፣ ሁለት ሺህ ምናምን ያወጣ ነበር ይበሉ» እያልኩ መሪጌታን ስለምን ዋልኩ። እሳቸው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ ከንፈራቸው ግን ሌላ ነገር ያሰናዳል። አንድ ጊዜ የጀመሩ እንደሆነ ራሳቸውን መግታት እንደማይሆንላቸው እኔ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሹሙ ብዕሩን ሲያነሣ መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ።

«ምሰሶው ጽድ ነው፤» ብለው ጀመሩ። «ጽድ ስልህ ደግሞ እንዲያው ጽድ አይደለም። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ደብር መስሎት ይሳለማል። በሩ ሲከፈት ድምፁ እንደ በገና ነው። የገባ ሰው ከግርማው የተነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።»

ሹሙ የትናንቱን ወረቀት ገለጠ። «አባታችን፣ ትናንት ‹ዝናብ ሲመጣ ወደ ውጪ ወጥተው ነበር የሚጠለሉት› ብለው ነበር።»

«ከሙቀቱ የተነሣ!» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«ምሰሶውንስ እንዳትደገፊው ብለዋል የተባለው?»

«ቅባቱ እንዳይለቅ ነዋ!» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ስለዚህ ስንት ያወጣ ነበር?»

ሁለት ሺህ ይበሉ ለማለት ሁለት ጣት አሳየኋቸው። መሪጌታ አላዩኝም፤ ሩቅ ሄደዋል። «ስድስት ሺህ ብር ቢባል ቤቱን ደፈርነው ማለት ነው» አሉ።

ብዕሩ ቆመ። ሹሙ ቀና ብሎ አንድ በአንድ ተመለከተን። ትሕትናው እንዳለ ነው፤ ፈገግታው ግን የለም።

«ስድስት ሺህ ብር የሚያወጣ ቤት ለአንዲት መነኩሴ ከየት መጣ? ባለርስት ነበሩ? ገባር ነበራቸው?»

የመሪጌታ አፍ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። አንድ ሺህ ብር ልከፍል ነው ብዬ የደነገጥኩት ሰውዬ አሁን ቤቱን በሙሉ ላጣ ነው! ከዚያም አልፎ አክስቴ፣ ከሞቱ በኋላ፣ በኔ የተነሣ አድኃሪ ሊባሉ ነው!

«ሽያጩ ለጊዜው ይቁም፤ ቤቱን ሄደን እንየው» አለ ሹሙ።

አራታችን ተከታትለን ሄድን። ልብስ ሰፊው አያሌው ቀብዱን ስለከፈለ የስፌት መኪናውን አስገብቶ መሥራት ጀምሮ ነበር። ካኪ ለባሹን ከነወረቀቱ በሩ ላይ ሲያየው ከመኪናው ላይ ብድግ አለ። «ቤቱ የኔ አይደለም!» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የመምህሩ ነው!»

«የኔ አይደለም፤ ሸጬለታለሁ!» አልኩ እኔም ከድንጋጤዬ ብዛት። አንዱን ቤት ሁለታችን ካድነው። የእማሆይ ቤት ለአንድ አፍታ ባለቤት አጥቶ መሐላችን ቆመ።

ያኔ ነው ቤቱን ልብ ብዬ ያየሁት። ደብርም አይመስል፣ አይጥም አያሳዝን። ምሰሶው በእርግጥ ጽድ ነው። ግድግዳው ተመርጎ፣ ተለስኖ፣ ጥጋጥጉ ሁሉ በእጅ ተዳብሷል። ቤት ስሸጥ ከርሜ እንዲህ ቆሜ ሳላየው መቅረቴ አሳፈረኝ። ሹሙ በእጁ ምሰሶውን ገፋ አደረገው፤ ምንም አላለውም። እትዬ የሻረግ ወደ ሌላ ወገን ዞሩ።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ስብሰባው አልቆ ቁልፍ ያዡ ጓድ ተመልሷል። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ሹሙ የእማሆይን ፋይል አወጣ፤ አንድ ገጽ ገለጠና ዝም ብሎ አነበበ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ። «እዚህ ቢሮ ስሠራ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ፤

«‹ለቤቴ የተሰጠው የሦስት መቶ ብር ግምት ቤቱን አይመስልም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጥጥ ፈትዬ ያሠራሁት ነው። የቆርቆሮው፣ የምሰሶው፣ የአናጢው፣ የምርጊቱ ዋጋ ከዚህ በታች ተጽፏል፤ ድምሩ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ገማቾቹ አዝነውልኝ ዝቅ ማድረጋቸውን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ግብሩን እከፍላለሁ፤ የቤቴ ዋጋ ይስተካከልልኝ።›»

ግብር ይጨመርብኝ ብለው አመለከቱ! በየትኛው አገር፣ በየትኛው ዘመን? ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከታች የጣት አሻራቸው አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ግምቱ እንደተስተካከለላቸውና በየዓመቱ ሳያጓድሉ እንደከፈሉ ተጽፏል። አሥራ አንድ ዓመት የተፈተለ ቤት ስንት ያወጣ ነበር እያልኩ በሳልና በጥቅሻ ስደራደር ሦስት ቀን ሆኖኛል።

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሥተው ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ላባቸው ችፍ ብሏል።

«ይህ ጽሕፈት…» አሉ። «ይህን ‹ሐ› እንዲህ ጠምዝዞ የሚጥል ከኔ በቀር ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት የጻፉላቸው?» አልኩ ጮኼ።

«እኔ ነኝ!» አሉና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ትዝ አለኝ አሁን። ሁለት ጊዜ ነው ያጻፉኝ። መጀመሪያ ‹ይቀነስልኝ› ብዬ ጻፍኩላቸው። ይጨመርብኝ ሲሉ ተሳስተው ነው ብዬ፣ በራሴ አርሜ! አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ቀደዱትና፣ ‹መሪጌታ፣ ቤቴን እኔ እያለሁ አያፍርሱብኝ› አሉኝ።»

ሹሙ ሁለቱን የምስክርነት ወረቀቶች፣ የአርባ ብሩንና የስድስት ሺውን፣ አጣጥፎ ወደ ጎን አደረጋቸው። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሲቀነስ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ፤ ትርፌ ሃምሳ ብር። ግብሩ ስድስት ብር ከሃምሳ ሆነ። ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ሽያጩም ተፈቀደ። ግንቦት ሳያልቅ ወገዳ ደርሼ ለአቶ ይማም ብራቸውን ቆጠርኩላቸው፤ እሳቸውም መርቀውን፣ ጓዛቸውን ጭነው ደሴ ሄዱ። ስንዱ ታሪኩን ስነግራት፣ «እኒህን ሴትዮ በሕይወት ሳሉ ስንት ጊዜ ጠየቅናቸው?» አለችኝ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ቢሮ ስንወጣ የሆነውን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። እኔና እትዬ የሻረግ በሩ ጋ ደርሰናል። መሪጌታ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ልጄ፣» አሉት ሹሙን፣ «ቁም ሣጥኑ ከተከፈተ ዘንድ የኔን ቤት እስቲ እይልኝ።»

ሹሙ ፈልጎ አገኘው። «አርባ አምስት ብር።»

«ስንት?»

«አርባ አምስት።»

«የኔ ቤት?» መሪጌታ በቁጣ በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «እልፍኝ ያለው ቤት? ደቀ መዝሙር የማስተምርበት ቤት? ማነው ይህን ያለ ደፋር?»

ሹሙ ገጹን ገለጠ። «ቃል ሰጪ፣ መሪጌታ ልሳኑ።»

እትዬ የሻረግ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሹሙ በዚያው በሚያስፈራው ትሕትናው አንድ ነጭ ወረቀትና ብዕሩን ገፋ አደረገላቸው። «ማመልከት ይችላሉ አባታችን።»

መሪጌታ ተቀመጡ። ብዕሩን ያዙ። በዚያ በሚያምር እጃቸው ከላይ «ጉዳዩ፦» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቆም አሉና ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ይህ የኔ ከፍ ሲል ግብሩ ዝቅ የሚለው ነው ወይስ ከፍ የሚለው?»

«የርስዎ በየዓመቱ የሚከፈለው ነው፤ ቤቱ ከፍ ሲል ከፍ የሚለው» አልኳቸው።

የብዕሩን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙት፤ ከነወረቀቱ ለሹሙ መለሱለት።

«አርባ አምስትም በዛ» አሉ።